የወር አበባ ሕመምና ዘግይቶ የሚዋጥ ኪኒን

ጥያቄ፦
«24 ዓመቴ ነው፤ ባንክ ውስጥ ገንዘብ ከፋይ ነኝ። የወር አበባዬ በ13 ዓመቴ መጣ፤ ከዓመት በኋላ ጀምሮ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ሁሌም ያመኛል። ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን ብሶብኛል። ደሙ ሊመጣ ሁለት ሦስት ቀን ሲቀረው ወገቤን ይይዘኛል፤ ከዚያ ሆዴን ይቆርጠኛል፣ ያስመልሰኛል። ሽንት ቤት ስቀመጥ እንኳ ወደ ኋላ የሚወጋኝ ነገር አለ። ኪኒን እንዳልለምድ ስለምፈራ እስከቻልኩት እታገሣለሁ። ሲያቅተኝ በባዶ ሆዴ፣ በቡና አንድ አይቡፕሮፌን እወስዳለሁ፤ አይሠራልኝም። መጨረሻ ላይ ክሊኒክ ሄጄ ዲክሎፌናክ እወጋለሁ፤ በየወሩ ማለት ይቻላል። ጨጓራም አለብኝ። እናቴ ‹ስትወልጂ ይተውሻል› ትለኛለች፤ ጎረቤታችን ደግሞ ጤና አዳም አፍልቼ እንድጠጣ መከረችኝ። ማስታገሻ መሃን ያደርጋል የሚሉም አሉ። እውነት ነው? በጾም ጊዜስ ምን ላድርግ? ታናሽ እህታችሁ።»

መልስ፦
ውድ እህታችን፣ ደብዳቤሽ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች አሉ። አንዱ የመድኃኒት አወሳሰድሽ ነው፤ እሱን ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ማስተካከል ትችያለሽ። ሌላው ካለፈው ዓመት ወዲህ የመጣው ለውጥ ነው። ይህኛው ኪኒኑ ሠራልሽም አልሠራልሽም ሐኪም ሊያየው ይገባል። በመጀመሪያው እንጀምር፤ ቀጠሮ ይዘሽ ተራሽ እስኪደርስ ሕመሙ አይጠብቅሽምና።

ብዙ ሰው «ብርድ መቶሽ ነው» የሚለው ቁርጠት ከብርድ ጋር ዝምድና የለውም። እርግዝና ባልተፈጠረበት ወር ፕሮጄስትሮን የተባለው ሆርሞን ይወርዳል፤ የማህፀን የውስጥ ሽፋንም መፍረስ ይጀምራል። ሽፋኑ ሲፈርስ ፕሮስታግላንዲን የሚባሉ ኬሚካሎችን ያመርታል። ማህፀን ጡንቻ ስለሆነ እነዚህ ኬሚካሎች አጥብቀው ያኮማትሩታል፤ በውስጡ የሚያልፉት ደም ሥሮች ይጠባሉ፣ ጡንቻው ኦክስጅን ያጥረዋል። የሚቆርጥሽ ያ ነው። ከኬሚካሉ ወደ ደም የሚገባው ደግሞ አንጀትንና ጨጓራን ያውካል። ማስመለሱ፣ ተቅማጡ፣ ላቡና ራስ ምታቱ ሁሉ ከዚያው የሚመጣ ነውና «አቅም የለኝም» ብለሽ ራስሽን አትውቀሺ። የፕሮስታግላንዲኑ መጠን ከፍ የሚለው በመጀመሪያው ቀንና በሁለተኛው ስለሆነ ተራው የወር አበባ ሕመም ከ8 እስከ 72 ሰዓት ቆይቶ ይለቃል።

አይቡፕሮፌን፣ ናፕሮክሰን፣ ሜፈናሚክ አሲድና ዲክሎፌናክ አንድ ቤተሰብ ናቸው። የሚሠሩት ፕሮስታግላንዲን የሚያመርተውን ኢንዛይም በማገድ ነው፤ ቀድሞ ተመርቶ የተረጨውን መልሰው አይሰበስቡትም። አንቺ እስከምትችይው ታግሠሽ፣ ማስመለስ ከጀመረሽ በኋላ አንዲት ኪኒን ስትውጪ ጎርፉ ቤት ከገባ በኋላ ቦይ መቆፈር ይሆናል። ስለዚህ «አይሠራልኝም» ያልሽው መድኃኒት ገና በአግባቡ አልተሞከረም። መልመዱንም አትፍሪ፤ አይቡፕሮፌን ሱስ የሚያስይዝ መድኃኒት አይደለም። ሱስ የሚያስይዘው ትራማዶል የተባለው ኃይለኛ ማስታገሻ ነው። ለወር አበባ ብለው የሚሰጡሽ ካሉ አትቀበዪ።

አወሳሰዱ እንዲህ ነው። ከፋርማሲ ስትገዢ ቅጠሉ ላይ ያለውን ቁጥር አንብቢ፤ ባለ 200ም ባለ 400ም ሚሊ ግራም አለ። አንድ ጊዜ የምትወስጂው 400 ነው፤ ባለ 200 ከሆነ ሁለት ፍሬ ማለት ነው። ብዙ ሴቶች አንዲት ባለ 200 ውጠው «ምንም አላደረገልኝም» የሚሉት እዚህ ላይ ተሳስተው ነው። በየ8 ሰዓቱ ትወስጃለሽ፦ ጠዋት 1 ሰዓት፣ ከሰዓት 9 ሰዓት፣ ማታ 5 ሰዓት። ድምሩ 1200 ሚሊ ግራም ይሆናል፤ ሐኪም ሳያዝ ከዚህ አይታለፍም። 9 ሰዓት ላይ ሕመሙ ጋብ ስላለ ያንን አልፈሽ ማታ ሲመለስብሽ ልውሰድ ካልሽ እንደገና ከኋላ እየሮጥሽ ነው። ሕመም ኖረ አልኖረ በሰዓቱ ውሰጂ፤ ሁለት ሙሉ ቀን፣ ካስፈለገ ሦስት ቀን።

መቼ ትጀምሪ? ዑደትሽ ቀኑን የሚጠብቅ ከሆነ ከሚጠበቀው ቀን ዋዜማ ማታ ጀምሪ። የሚዛባ ከሆነ የመጀመሪያዋን የደም ምልክት ወይም የመጀመሪያውን የወገብ መያዝ እንዳየሽ፣ በዚያው ሰዓት። አንቺን ሁለት ሦስት ቀን ቀድሞ ስለሚጀምርሽ ከዚያው ቀን መጀመር ትችያለሽ፤ ጠቅላላው ግን ከአምስት ቀን አይለፍ። አንድ ማስጠንቀቂያ አለ፤ እርግዝና ሊኖር የሚችልበት ዕድል ካለ ደም ሳታዪ አትጀምሪ፣ ወይም በሽንት ተመርመሪ። ኪኒኑ ከተዋጠ ከ30 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ መሥራት ይጀምራል። በትውከቱ ውስጥ ኪኒኑን ራሱን ካየሽው ድገሚው፤ ካላየሽው እስከሚቀጥለው ሰዓት ጠብቂ።

በመሀል ሕመም ካስቸገረሽ ሁለተኛ አይቡፕሮፌን አትጨምሪ፤ ፓራሲታሞል ጨምሪ። ፓራሲታሞል ብቻውን ለዚህ ሕመም ደካማ ቢሆንም የሚሠራበት መንገድ ሌላ ስለሆነ ከአይቡፕሮፌን ጋር መወሰዱ ችግር የለውም። 1 ግራም፣ ማለትም ሁለት ባለ 500 ፍሬ፣ በየ6 ሰዓቱ፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ግራም አይበልጥም። ክብደትሽ ከ50 ኪሎ በታች ከሆነ ፋርማሲስቱ መጠኑን ይቀንስልሽ። የጉንፋን ኪኒኖች ውስጥም ፓራሲታሞል ስላለ ሳታውቂ እንዳትደርቢ። በአይቡፕሮፌን ፋንታ ናፕሮክሰን ካገኘሽ ባለ 500 ሚሊ ግራሙን በየ12 ሰዓቱ መውሰድ ይቻላል፤ ለሥራ ቀን ይመቻል። ሁለቱን አንድ ላይ ግን ፈጽሞ አትውሰጂ።

አሁን ወደ መርፌው። ዲክሎፌናክ ከአይቡፕሮፌን ጋር አንድ ቤተሰብ ነው ብለናል። ጠዋት አይቡፕሮፌን ውጠሽ ከሰዓት ዲክሎፌናክ ስትወጊ አንድን መድኃኒት እጥፍ እንደወሰድሽ ቁጠሪው፤ የጨጓራ መድማትና የኩላሊት ጉዳት አደጋው ይጨምራል። ስታስመልሺ ውለሽ ሰውነትሽ ውሃ ባጠረበት ሰዓት ደግሞ ኩላሊት ይበልጥ ይጎዳል። «በመርፌ ከሆነ ጨጓራን አይነካም» የሚባለውም ስህተት ነው። ጨጓራን ከራሱ አሲድ የሚጠብቀው ሽፋን የሚሠራው በዚያው በፕሮስታግላንዲን እርዳታ ነው፤ መድኃኒቱ በአፍ ገባ በመርፌ በደም ዞሮ እዚያው ይደርሳል። እኛ አገር መርፌ ያልተወጋ ሰው የታከመ አይመስለውም እንጂ በሰዓቱ የተዋጠ ኪኒን ከዘገየ መርፌ ይሻላል። ሁሉንም ነገር እያስመለሰሽ መርፌ ግድ የሆነብሽ ቀን ቢመጣ በዚያ ቀን ምን እንደዋጥሽና በስንት ሰዓት እንደዋጥሽ መርፌውን ለሚሰጥሽ ባለሙያ ሳትጠየቂ ንገሪ።

ስለ ጨጓራሽ ጥቂት ማለት አለብን፤ «ጨጓራ አለብኝ» ስንል የተለያየ ነገር ማለታችን ነውና። ቃር ወይም ባዶ ሆድ ሲሆን የሚያቃጥል ብቻ ከሆነ ኪኒኑን ምግብ መሀል መውሰድ ነው፤ ሦስት አራት ጉርሻ፣ ኪኒኑ፣ ከዚያ ቀሪው ምግብ፣ በብርጭቆ ሙሉ ውሃ። በባዶ ሆድ በቡና መዋጡን ተዪው። በእነዚያ ቀናት ጠዋት ከቁርስ 30 ደቂቃ በፊት የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰውን ኦሜፕራዞል 20 ሚሊ ግራም መውሰድ ጨጓራን ይጠብቃል፤ ይስማማሽ እንደሆነ ፋርማሲስቱን ጠይቂ። የኤች ፓይሎሪ ባክቴሪያ ተገኝቶብሽ ከሆነ መጀመሪያ እሱን ታከሚ፤ ባክቴሪያውና የዚህ ቤተሰብ መድኃኒቶች ሲገናኙ ቁስለት የመፍጠር ዕድላቸው ይጨምራል። ከዚህ በፊት የጨጓራ ቁስለት አለብሽ ተብለሽ ከነበረ፣ ሰገራሽ እንደ ሬንጅ ጠቁሮ ከሆነ፣ ደም አስመልሰሽ የምታውቂ ከሆነ አይቡፕሮፌንም ዲክሎፌናክም ይቅሩብሽ። የኩላሊት ሕመም ያለባት፣ አስፕሪን ስትወስድ አስሟ የሚነሳባት ወይም ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስድም እንዲሁ። ለነዚህ ፓራሲታሞል፣ ሙቀትና ኋላ ላይ የምናነሳቸው ሆርሞኖች አሉ።

ሙቀት የሴት አያቶች ምክር ብቻ አይደለም። በጥናት ሲፈተሽ 40 ዲግሪ አካባቢ ያለ ሙቀት እምብርት ሥር ለሰዓታት ሲደረግ ከአይቡፕሮፌን የማይተናነስ ማስታገሻ ሆኖ ተገኝቷል፤ ከኪኒኑ ጋር ሲደረግ ደግሞ ቶሎ ያሳርፋል። ላስቲኩ የሙቅ ውሃ ከረጢት ካለሽ ሁለት ሦስተኛውን ሞልተሽ አየሩን ጨምቀሽ አውጪና ዝጊው። ከሌለሽ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ይበቃል። የፈላ ውሃ ብቻ ከሞላሽበት ግን ፕላስቲኩ ይጨማደድና ክዳኑ ያፈሳል፤ ግማሹን የፈላ፣ ግማሹን የቧንቧ ውሃ አድርጊው። ወፍራም ካልሲ አልብሰሽው በልብስ ላይ ከእምብርት በታች ያዢው፤ ወገብሽን ከያዘሽ ወደ ኋላ አዙሪው። 20 ወይም 30 ደቂቃ፣ ትንሽ እረፍት፣ ከዚያ እንደገና። ተኝተሽበት አትደሪ። ቆዳሽ ላይ እንደ መረብ ያለ ቡናማ ጥለት ከወጣ ሙቀቱ በዝቷል ማለት ነው። ውጭ አገር ያላችሁ አንባቢዎቻችን ልብስ ውስጥ የሚለጠፉ የሙቀት ፕላስተሮችን ፋርማሲ ታገኛላችሁ፤ ለሥራ ቦታ እነሱ ይመቻሉ።

ዝንጅብል? አዎ፣ ጥቂት ይረዳል። በጥናቶች ውስጥ የተሞከረው በቀን ከ750 እስከ 2000 ሚሊ ግራም ዱቄት ሲሆን የሚወሰደውም በመጀመሪያዎቹ ሦስት አራት ቀናት ነው። በሻይ ማንኪያ ሩብ ያህሉ ግማሽ ግራም ገደማ ስለሚሆን ያንን በቀን ሦስት ጊዜ በሻይ ወይም በምግብ መውሰድ ነው። ጨጓራሽን ካቃጠለሽ ተዪው። ጤና አዳም ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ቡና ላይ ጣል የምትደረገው አንዲት ቅርንጫፍ አብዛኛውን ሰው አትጎዳም። አፍልቶ በብርጭቆ መጠጣት ጨጓራን ያቆስላል፣ በብዛት ሲሆን ጉበትንና ኩላሊትን ይመርዛል፤ ጽንስ ካለም ሊያስወርድ ይችላል። ጎረቤታችሁ ክፉ አስባ አይደለም፤ አንቺ ግን አትጠጪው። አረቄን ከማስታገሻ ጋር መቀላቀልም ጨጓራን ያደማል።

ስፖርት በዚያ ቀን የሚያድን ተዓምር ተደርጎ ይነገራል፤ እንደዚያ አይደለም። በሳምንት ሦስት ቀን፣ ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ፈጠን ብሎ መራመድ ወይም ሌላ እንቅስቃሴ ወራትን ጠብቆ ሕመሙን ያቀላል። በቁርጠቱ ቀን የምትችይውን ያህል ብቻ ተንቀሳቀሺ።

ሥራ ቦታ፣ መሳቢያሽ ውስጥ የአንድ ቀን ኪኒን፣ አንድ እፍኝ ቆሎ ወይም ቁራሽ ዳቦ፣ ውሃና ትርፍ ሞዴስ ይቀመጥ። 9 ሰዓት ላይ መስኮትሽ ፊት ሰልፍ ይኖራልና የስልክሽን ማንቂያ ሙዪ፤ ቆሎዋን ቀመስ አድርገሽ ዋጪ። በሰዓት አንዴ ተነሺ። መሥራት ያቃተሽ ቀን ደግሞ የሕመም ፈቃድ የሚባል አለ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜዋን የጨረሰች ሠራተኛ በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የሚደርስ የሕመም ፈቃድ አላት፤ የመጀመሪያው አንድ ወር ከሙሉ ደመወዝ ጋር ነው። የሐኪም ማስረጃ ያስፈልጋል፤ ማስረጃው ላይ የሕመሙ ዓይነት በዝርዝር እንዲጻፍ ካልፈለግሽ ለሐኪሙ ንገሪ።

ወደ ሁለተኛው ጉዳይ እንምጣ፤ ይበልጥ ያሳሰበንም እሱ ነው። የወር አበባ ከጀመረ ከጥቂት ወራት በኋላ የሚመጣ፣ ከደሙ ጋር ጀምሮ በሁለት ሦስት ቀን የሚለቅ፣ በየዓመቱ ያው የሆነ ሕመም ብዙውን ጊዜ ሌላ በሽታ የለበትም። የአንቺም እስከ 23 ዓመትሽ እንደዚያ ነበር። አሁን ግን ደሙ ሳይመጣ ቀናት ቀድሞ ይጀምርሻል፣ እየባሰ ሄዷል፣ ሽንት ቤት ስትቀመጪም ይወጋሻል። እነዚህ ሦስቱ አንድ ላይ ሲመጡ ሐኪም መጀመሪያ የሚያስበው ኢንዶሜትሪዮሲስን ነው። ኢንዶሜትሪዮሲስ ማለት የማህፀንን የውስጥ ሽፋን የሚመስል ሕዋስ ከማህፀን ውጭ፣ በእንቁላል ማምረቻው ወይም ከኋላ ባለው አንጀት አካባቢ በቅሎ በየወሩ መቆጣት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በመውለድ ዕድሜ ካሉት ሴቶች ከ10 አንዷን ገደማ እንደሚይዝ ይናገራል። አለብሽ እያልን አይደለም፤ ሳይመረመር አይታወቅም። ሌሎችም አሉ፦ የማህፀን ዕጢ፣ ኢንፌክሽን፣ አዴኖማዮሲስ (የማህፀን የውስጥ ሽፋን ወደ ጡንቻው ዘልቆ ሲበቅል)። ለተራው ሕመም «ሦስት ወር በሥርዓቱ ሞክረሽ ካልሠራ ተመርመሪ» እንላለን። አንቺ ግን ሦስት ወር አትጠብቂ፤ በዚህ ወር የማህፀን ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ ያዢ።

ስትሄጂ አንዲት ወረቀት ይዘሽ ግቢ። በሩጫ በሚታይ ተራ ውስጥ «በጣም ያመኛል» ማለት ብቻውን ሩቅ አያደርስሽም። እንዲህ ጻፊ፦ «ደሙ ሊመጣ 2 ቀን ሲቀረው፦ ወገብ፣ ከ10 5፤ አይቡፕሮፌን 400 ጠዋት 1 ሰዓት፤ ወደ 3 ወረደ። የደም 1ኛ ቀን፦ ሆድ፣ 8፤ ሁለት ጊዜ አስመለሰኝ፤ ሰገራ ስቀመጥ ወጋኝ፤ 5 ሞዴስ፤ ከሥራ ቀረሁ።» የሁለት ወር እንዲህ ያለ ማስታወሻ ከብዙ ምርመራ ይበልጣል። ለመጀመሪያው ቀጠሮ የምታስታውሺውን ያህል ጽፈሽ ሂጂ፤ ወረቀቱ እስኪሞላ አትጠብቂ።

ያላገቡ ልጆች ከሐኪም የሚሸሹበትን ምክንያት እናውቀዋለን። አልትራሳውንድ ከሆድ በላይ ሊነሳ ይችላል። ለዚህ ፊኛሽ መሙላት አለበትና ከአንድ ሰዓት በፊት አራት ብርጭቆ ያህል ውሃ ጠጥተሽ ሽንትሽን ያዢ። በብልት በኩል የሚደረገው ምርመራ ጠለቅ አድርጎ ያሳያል፤ ግንኙነት ጀምረሽ የማታውቂ ከሆነ ግን ተናገሪ፣ አይደረግም። ሐኪሙ «ግንኙነት ጀምረሻል?» ብሎ የሚጠይቀው እርግዝናንና ኢንፌክሽንን ለመለየት ነውና እውነቱን መልሺ። ሴት ሐኪም መጠየቅ፣ እናትሽን ወይም ጓደኛሽን ይዘሽ መግባትም መብትሽ ነው።

አልትራሳውንዱ ንጹሕ ቢሆን «ምንም የለሽም» ተብለሽ እንዳትመለሺ። አልትራሳውንድ የእንቁላል ማምረቻ ላይ ያለ የደም ቋጠሮን ያሳያል፤ ቀጫጭን የኢንዶሜትሪዮሲስ ነጠብጣቦችን ግን በአብዛኛው አያሳይም። እነሱን በዓይን ማየት የሚቻለው በላፓሮስኮፒ፣ ማለትም በትንሽ ቀዳዳ ካሜራ በማስገባት ነው፤ ይህ ደግሞ ያለው በጥቂት ሆስፒታሎች ነው። ሕክምናውን ለመጀመር ግን ላፓሮስኮፒው የግድ አይደለም። «አልትራሳውንዱ ንጹሕ ቢሆንም ምልክቶቼ ኢንዶሜትሪዮሲስ ይመስላሉ? በሆርሞን መጀመር እንችላለን?» ብለሽ በቀጥታ ጠይቂ።

ሆርሞን ያልነው የወሊድ መከላከያዎቹን ነው። የማህፀኑ ሽፋን እንዳይወፍር ስለሚያደርጉ የሚመረተው ፕሮስታግላንዲን ይቀንሳል። በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ ይሰጣሉ። መስኮቱ ላይ ምን ይሉኛል ብለሽ ከሰጋሽ «ለወር አበባ ሕመም ሐኪም ያዘልኝ ነው» ማለት ይበቃል። በየቀኑ የሚዋጠው ጥምር እንክብል 21 የሆርሞን ኪኒንና ብዙውን ጊዜ 7 የብረት ኪኒን አለው። ሐኪሙ ከተስማማ ሰባቱን ዘለሽ ወደሚቀጥለው ቅጠል በማለፍ ደሙ በየወሩ እንዳይመጣ ማድረግ ይቻላል፤ ለኢንዶሜትሪዮሲስ ይህ አወሳሰድ ይመረጣል። ለውጡን ለመመዘን ሦስት ወር ስጪው። የደም ግፊት ያለባት፣ ደም ረግቶባት የምታውቅ፣ ዓይኗ ፊት ብልጭ ብልጭ እያለ የሚጀምር ማይግሬን ያለባት ጥምር እንክብሉን አትውሰድ። በክንድ የሚቀበረውና የሦስት ወር መርፌውም ሕመሙን ይቀንሳሉ፤ ከመርፌው በኋላ ግን እርግዝና ወራት ሊዘገይ ይችላል፤ በቅርብ መውለድ የምታስብ ይህን ታመዛዝን። ሉፕ ሲባል ለዪ፤ የመዳብ ሉፕ ደምና ቁርጠት ይጨምራል፣ የሆርሞኑ ሉፕ ይቀንሳል። ፖስት ፒል ለሕመም አይሆንም።

ማስታገሻ መሃን ያደርጋል? በወር አበባ ቀናት ለጥቂት ቀን የሚወሰድ አይቡፕሮፌን መሃን አያደርግም። እንክብሉም ሲቆም የመውለድ አቅም ይመለሳል። ይልቅስ መውለድን ሊያስቸግር የሚችለው ሳይታከም የቆየ ኢንዶሜትሪዮሲስ ወይም ኢንፌክሽን ነው። ለእናትሽ በትሕትና ይህን ንገሪያቸው። ያሉትም ከመሬት የተነሳ አይደለም፤ ከወሊድ በኋላ የሚቀልላቸው ሴቶች አሉ። የማይቀልላቸውም ብዙ ናቸው፤ ትዳርና ልጅ ደግሞ ለሕመም ተብለው የሚታዘዙ መድኃኒቶች አይደሉም።

ቀጠሮ የማይጠብቁ ነገሮች አሉ፤ ለሌሎች አንባቢዎችም ጭምር። የወር አበባ ቀርቶ ወይም ዘግይቶ የሚመጣ ኃይለኛ ሕመም ከማህፀን ውጭ የተፈጠረ እርግዝና ሊሆን ይችላል። በድንገት በአንድ ጎን የሚሰነጥቅ ሕመም፣ ትኩሳትና ሽታ ያለው ፈሳሽ፣ ራስን መሳት፣ በየሰዓቱ ሞዴስ የሚያስቀይር ደም፣ እነዚህ ሁሉ በዚያው ቀን ሆስፒታል የሚያስኬዱ ናቸው። ደሙ ከ7 ቀን ከበለጠ ወይም እንደ ትልቅ ሳንቲም የረጋ ደም ከበዛ የደም ማነስ እንዳለ ለማወቅ ሄሞግሎቢን ይለካ። ግርዛት ተደርጎባት በአብዛኛው የተሰፋች ሴት ደሟ በጠብታ የሚወርድና ቀናት የሚወስድ ከሆነ ሕመሙ ከመውጫው መጥበብ ስለሚመጣ ኪኒን አይፈታውም፤ የማህፀን ሐኪም ነው የሚከፍተው።

በመጨረሻ ስለ ጾሙ። እስከ 9 ሰዓት ምግብም ውሃም ሳትቀምሺ ከዋልሽ አይቡፕሮፌን ጠዋት አትውሰጂ፤ ባዶ ሆድሽንም ውሃ ያጠረውን ኩላሊትሽንም ይጎዳል። ለነዚያ ሁለት ሦስት ቀናት ቀደም ብለሽ የንስሐ አባትሽን አማክሪ፤ ለታመመ ሰው ማቅለል በቤተ ክርስቲያን ያለ ሥርዓት ነው። ጠዋት በጾም ቁርስ፣ በሽሮም ሆነ በዳቦ፣ ኪኒንሽን ውሰጂ ከተባልሽ የነገርንሽ የ1፣ የ9 እና የ5 ሰዓት ፕሮግራም እንዳለ ይሠራል። ውሃ ብቻ ከተፈቀደልሽ ጠዋት ፓራሲታሞል 1 ግራም ውሰጂ፤ እሱ ባዶ ሆድን አይጎዳም። አይቡፕሮፌኑን 9 ሰዓትና ማታ 5 ሰዓት ከምግብ ጋር አድርጊው። ሙስሊም እህቶቻችን በወር አበባ ቀናት ጾም ስለሌለባቸውና ያለፋቸውን ቀናት ኋላ ጾመው ስለሚተኩ (ቀዳ ስለሚያወጡ) ኪኒኑን በሰዓቱ ለመውሰድ ችግር የለባቸውም። ጾም ስትፈቺ መጀመሪያ ውሃ ጠጪ፣ ከዚያ ምግቡን ጀምሪ፤ ኪኒኑ ከጉርሻው መሀል ይግባ፤ ቡናው ከምግቡ በኋላ ይቆይ።